የከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ዓይነትና የንግዱ ሥራ

አንድ የፋብሪካ ባለቤት ወይም አንድ አስመጪ ነጋዴ የሒሳብ ሠራተኛ ወይም የመካኒክ መሐንዲስ ፈልጎ ማስታወቂያ ባወጣ ጊዜ፥ በጠረጴዛው ላይ የሚቀርቡለት የምስክር ወረቀቶች ከሰሜንም ከደቡብም፥ ከምሥራቅም ከምዕራብም የመጡ ናቸው። ማኅተሙና የፕሬዚዳንቱ ፊርማ ይለያያል እንጂ የትምህርቱ ስም፥ የዓመቱ ብዛት፥ የተወሰዱት ትምህርቶች ዝርዝር ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ስለዚህ አሠሪው ከወረቀቱ ለይቶ ሊረዳው የሚችለው ነገር ቢኖር ወጣቱ በየት ከተማ እንደ ኖረ ብቻ ነው። ከየትኛው ትምህርት ቤት የወጣው ሰው መሣሪያ ይዞ ለመሥራት፥ ከየትኛው የወጣው ደግሞ ለጥናትና ለምርመራ እንደ ተዘጋጀ ወረቀቱ አይነግረውም።

ይህ ለነጋዴው ትንሽ ችግር መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ሥሩ ሩቅ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ዛሬ ወደ 50 ተጠግቷል፤ የግል ኮሌጆችም ከዋና ከተማው አልፈው በየክፍለ ሀገሩ ተስፋፍተዋል። ቁጥራቸው ይህን ያህል ከበዛ ዓይነታቸውስ ስንት ነው? ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱ እንደ ቁጥሩ የሚያኮራ አይደለም። መንግሥት በ2013 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎቹን በተልእኮ እንዲለዩ ያደረገውም ይህንኑ በመመልከት ነው። ውሳኔው ከምን እንደ ተነሣና ወዴት እንደሚያመራ ማወቅ፥ ልጁን ለሚያስተምርም ሆነ ሠራተኛ ለሚቀጥር ነጋዴ ጥቅም አለው።

በመጀመሪያ ደረጃ፥ የትምህርት ቤት «ዓይነት» ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። ልዩነቱ በስም አይደለም። አንዱ ተቋም ኮሌጅ፥ ሌላው ዩኒቨርሲቲ፥ ሦስተኛው ኢንስቲትዩት ተብሎ ቢጠራ፥ የሚያስተምሩት ትምህርት፥ የሚቀበሉት ተማሪ፥ የሚቀጥሩት መምህርና የሚሰጡት ማስረጃ አንድ ከሆነ ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። በአንጻሩ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ ቢባሉ፥ አንደኛው ተማሪውን ግማሹን ጊዜ በፋብሪካ የሚያውል፥ ሁለተኛው ደግሞ በቤተ መጻሕፍትና በላቦራቶሪ የሚያውል ከሆነ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመርካቶን ነጋዴ ለዚህ ምሳሌ ማድረግ ይቻላል። ሸማ ተራ፥ ምናለሽ ተራ፥ እህል በረንዳ እያንዳንዱ የራሱ ዕቃ፥ የራሱ ገዢና የራሱ የዋጋ ልማድ አለው። ሸማ ተራ ያለው ከእህል በረንዳው ይበልጣል ወይም ያንሳል የሚል ሰው የለም፤ ገዢውም የሚፈልገውን ዐውቆ ወደሚፈልግበት ይሄዳል።

እንዲህ ያለው ክፍፍል ለአገሪቱ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር ነው ብሎ መገመት ስሕተት ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ረገድ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የነበረ ሥርዐት ነው። ድጓን የሚያስመሰክር ተማሪ ወደ ጋይንት፥ ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚፈልግ ወደ ዙር አባ፥ ቅኔ የሚፈልግ ወደ ጎጃም፥ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ ይወርዳል፤ አቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ የሚሻም ወደ ጎንደር ይወጣል። ደብረ ዓባይ በቅዳሴዋ ትታወቃለች። ከእነዚህ ቦታዎች አንዱ የሌላውን ትምህርት ጨምሮ ሁሉን አስተማሪ ልሁን አላለም፤ ክብሩም የተገኘው በያዘው አንድ ትምህርት ምስክር በመሆኑ ነው። «ከየት ነው ያስመሰከረው?» የሚለው ጥያቄ ለቀጣሪው ደብር ብዙ ነገር ይነግረው ነበር።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ሲጀመርም ከዚህ አካሄድ ብዙ አልራቀም። ከጣልያን ወረራ በኋላ መንግሥት ሠራተኛ በጣም በጠፋበት ጊዜ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የተቋቋመው ለአንድ ለታወቀ ጉድለት መሙያ ነበር። የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ሲከፈት መዝገብ የሚይዝ፥ በጽሕፈት መኪና የሚጽፍ፥ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚያዘጋጅ ሰው ያስፈልግ ነበርና ያንኑ ሰው አወጣ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. የጥበባትንና የሳይንስን ትምህርት ያዘ። የምሕንድስና ኮሌጅ በ1945 ዓ.ም. ተከተለ፤ ከስዊድን መንግሥት ጋር በመተባበር በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ ደግሞ የቤት ሥራን ዕውቀት ከአገሩ ዕቃና ከአገሩ አየር ጋር አስማምቶ ማስተማርን ዓላማው አደረገ።

ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ዓይነታቸው ጎልቶ የታየው ግን ከዋናው ከተማ ርቀው የተሠሩት ሦስቱ ናቸው፤ ስለዚህ በእነርሱ ላይ ትንሽ መቆየት ተገቢ ነው።

የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም፥ ከጥቂት ጊዜ በፊት በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ጨርሶ ነበር። በዚያን ጊዜ አገሪቱ በየአውራጃው የምትልካቸው ሐኪሞች አልነበሯትም፤ ሐኪም ለማውጣትም ብዙ ዓመት ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ የታሰበው ሐኪም ሳይሆን የጤና መኮንን፥ ከእርሱም ጋር የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጽዳት ሠራተኛ አንድ ላይ ሆነው እንዲሠለጥኑ ነው። ሦስቱ በትምህርት ቤት ሳሉ አብረው ወደ ገጠር የጤና ጣቢያ ወጥተው ስለሚሠሩ፥ ከተመረቁም በኋላ በአንድ ቡድን ሲመደቡ የሥራ ድርሻቸውን አስቀድመው ያውቁ ነበር። ይህ ዓይነት ትምህርት በለንደን ወይም በፓሪስ ካለ የሕክምና ትምህርት ቤት የተቀዳ አይደለም፤ ከአገሩ ችግር የተነሣ ነው።

የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1952 ከአሜሪካው የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ጋር በተደረገው ስምምነት የተመሠረተ ነው። ሕንፃው እስኪያልቅ ድረስ ትምህርቱ በጅማ ተጀመረና በኋላ ወደ ሐረርጌ ተዛወረ። አሠራሩ የተወሰደው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1862 በወጣው ሕግ መንግሥት መሬት እየሰጠ ካቋቋማቸው የእርሻና የእጅ ሥራ ኮሌጆች ነው። የእነዚያም ልዩ ጠባይ ማስተማርን፥ መመራመርንና የምርምሩን ውጤት ለገበሬው ማድረስን በአንድ ጣሪያ ሥር ማስቀመጥ ነበር። በደብረ ዘይት የተቋቋመው የምርምር ጣቢያ የዚሁ የዓለማያ ኮሌጅ ክፍል ነበር። ጣቢያው በኋላ ጊዜ ወደ አገሪቱ የእርሻ ምርምር ድርጅት ቢተላለፍም፥ ዛሬ የእህል ነጋዴ ሁሉ በስሙ የሚያውቀው «ቁንጮ» የተባለው የጤፍ ዘር በ1998 ዓ.ም. የወጣው ከዚያው ነው። አንድ ኮሌጅ ዓይነቱን ጠብቆ ሲሠራ ውጤቱ ከሃምሳ ዓመት በኋላ በእህል በረንዳ እንደሚታይ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

ሦስተኛው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ነው። በ1955 ዓ.ም. ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተደረገ የቴክኒክ ትብብር ሲቋቋም የእርሻ መሣሪያ፥ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፥ የብረታ ብረት፥ የጨርቃ ጨርቅ፥ የኤሌክትሪክና የእንጨት ሥራ ቴክኒክን ያስተምር ነበር። የከተማው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አስቀድሞ ሥራ ጀምሮ ስለ ነበር፥ ትምህርት ቤቱና ፋብሪካው ጎረቤት ሆኑ። ፖሊቴክኒኩ ያወጣ የነበረው ሰው ከመሐንዲሱ በታች፥ ከእጅ ባለሙያው በላይ የሚቆም፥ የመሐንዲሱን ንድፍ ለሠራተኛው የሚተረጉም ቴክኒሺያን ነበር። ፋብሪካ ያስተዳደረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው የዚህ ዓይነቱ ሰው እጥረት ከመሐንዲስ እጥረት ይልቅ ሥራ ያስቆማል።

በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጥተው በስማቸው የተጠራው ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት፥ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ፥ ምሕንድስናው፥ ሕንፃው፥ ዓለማያና ጎንደር በአንድ አስተዳደር ሥር ገቡ። ሕግና የንግድ ሥራ አስተዳደር፥ ቀጥሎም ሕክምና ተጨመሩ። ሆኖም አንድነቱ እንደ ጣሪያ እንጂ እንደ ወፍጮ አልነበረም፤ ዓለማያ ዓለማያ ሆኖ፥ ጎንደርም ጎንደር ሆኖ ቀረ። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም፥ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ በአብዛኛው በመምህርነት እንዲያገለግል የሚያስገድደው፥ ለሁሉም አንድ ቢሆንም የየትምህርት ቤቱን ጠባይ አላጠፋውም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ተቋማትም በመጀመሪያው ጊዜ ይህንኑ ፈለግ ተከትለዋል። ሐዋሳ በእርሻ፥ ወንዶ ገነት በደን፥ አርባ ምንጭ በውሃ ቴክኖሎጂ፥ ጅማ በጤና ሳይንስ፥ ናዝሬት በቴክኒክ የተለዩ ነበሩ። ነጋዴም ሆነ መሥሪያ ቤት የመስኖ ባለሙያ ቢፈልግ ወደ አርባ ምንጭ፥ የደን ባለሙያ ቢፈልግ ወደ ወንዶ ገነት ይጽፍ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ልዩነት የት ደረሰ? መልሱ፥ ልዩ የነበሩት አንድ በአንድ ሁሉን አስተማሪ ወደ መሆን ዞሩ የሚል ነው። ጅማ በ1992 ዓ.ም. የእርሻውንና የጤናውን ትምህርት ቤት አዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በዚያው ዓመት የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፥ የሐዋሳ የእርሻ ኮሌጅ ከወንዶ ገነትና ከዲላ ጋር አንድ ሆነ። ዓለማያ በ1977 ዓ.ም. የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን ከአሥር ዓመት ጥቂት በኋላ የመምህርነትና የጤና ትምህርት ጨመረ፥ «እርሻ» የሚለውም ቃል ከሰሌዳው ላይ ወረደ፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ስሙ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። አርባ ምንጭና ጎንደርም በ1996 ዓ.ም. ግድም ይህንኑ መንገድ ያዙ። ሰንጋ ተራ የሚገኘው የንግድ ሥራ ኮሌጅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተጠቃለለ። በ1999 ዓ.ም. አካባቢ በአንድ ጊዜ የተከፈቱት 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ገና ከመነሻቸው ሁሉን አስተማሪ ሆነው ተወለዱ።

ይህን መስፋፋት ለመንቀፍ መቸኮል አይገባም። ቀድሞ ከሺህ ወጣቶች መካከል ጥቂቶች ብቻ ይደርሱበት የነበረውን ትምህርት ለገበሬና ለአነስተኛ ነጋዴ ልጅ አድርሷል፤ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተበት ከተማም ቤት አከራዩ፥ ምግብ ቤቱ፥ የጽሕፈት መሣሪያ ሻጩ ተጠቅሟል። መታየት ያለበት ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም መስፋፋቱ ለምን አንድ ዓይነት ተቋም በማባዛት ብቻ ተከናወነ የሚለው ነው።

ምክንያቶቹ ብዙ ቢሆኑም አብዛኞቹ ነጋዴ በቀላሉ የሚረዳቸው ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የሚለው ስም ከኮሌጅ ስም ይልቅ ይከበራል፤ የፕሬዚዳንቱ ማዕረግም፥ የመምህሩ ደረጃም፥ የበጀቱ መጠንም ስሙን ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ ኮሌጅ ሆኖ መቅረት ማለት በገዛ ፈቃድ ከገበታው ዝቅ ብሎ እንደ መቀመጥ ይቆጠራል። የየአካባቢው ሕዝብም ዩኒቨርሲቲ ሲጠይቅ ለጎረቤቱ የተሰጠው ሁሉ ለእርሱም እንዲሰጠው ይፈልጋል፤ ሕክምናና ሕግ ያልተከፈተለት ከተማ የተጎዳ ይመስለዋል። ሌላው ምክንያት ተማሪዎች ከማዕከል የሚመደቡ መሆናቸው ነው። ተቋሙ ተማሪውን ራሱ መርጦ የማይቀበል ከሆነ፥ «እኔ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ተማሪ ነው» ብሎ ጠባዩን ሊቀርጽ አይችልም። በ2000 ዓ.ም. የታወጀው ከመቶ 70 ለተፈጥሮ ሳይንስና ለቴክኖሎጂ፥ 30 ለማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው ድልድል ለሁሉም እኩል ሲተገበር፥ ላቦራቶሪ ያለውም የሌለውም ምሕንድስና እንዲያስተምር አስገደደው። በመጨረሻም የትምህርቱ ዝርዝር በአገር ደረጃ አንድ እንዲሆን ተደረገ። ይህ ተማሪን ከአንዱ ወደ ሌላው ለማዛወር ቢመችም፥ ለየት ብሎ ለማስተማር ለሚፈልግ መምህር በሩን ዘጋ።

እንዲህ ያለው ነገር የደረሰው በኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲዎች ጎን ለጎን 30 ያህል ፖሊቴክኒኮች ተቋቁመው ነበር። ዓላማቸው ከኢንዱስትሪና ከንግድ ጋር የተያያዘ ትምህርት መስጠት፥ ሠራተኛ የሆነውንም ሰው በማታና በትርፍ ጊዜው ማስተማር ነበር። ከሃያ ዓመት ብዙም ሳያልፍ፥ እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣ ሕግ ፖሊቴክኒኮቹ ሁሉ የዩኒቨርሲቲ ስም እንዲይዙ ተፈቀደላቸው፤ የፖሊቴክኒክም ስም ከዚያ አገር ጠፋ ማለት ይቻላል። ድንበሩን የሚጠብቅ ነገር ስላልነበረ ክብር ወዳለበት አዘነበሉ።

በካሊፎርኒያ ግን እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው ሕግ ሦስት እርከን አበጀ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከሁለተኛ ደረጃ ከሚጨርሱት መካከል የላቁትን ከመቶ 12.5 ይቀበላል፤ የዶክተርነትን ማዕረግ መስጠትም ለእርሱ የተተወ ነበር። የግዛቱ ኮሌጆች ከሦስት አንዱን እጅ ይቀበላሉ። የሁለት ዓመቶቹ ኮሌጆች ደግሞ ለመማር ለሚችል ሁሉ ክፍት ናቸው። የዚህ ሥርዐት ብልሃት በእርከኑ ላይ አይደለም፥ በመሰላሉ ላይ ነው፤ በሁለት ዓመቱ ኮሌጅ በርትቶ የተማረ ወጣት በሦስተኛው ዓመት ወደ ላይኛው መሻገር ይችላል። ስለዚህ ከታች መጀመር ከታች መቅረት ማለት አልሆነም። ድንበሩ በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ቢላላም ዋናው አሠራር ከ60 ዓመት በላይ ቆሟል።

ጀርመኖች የወሰዱት መንገድ ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1968 ግዛቶቹ ተስማምተው የተግባር ሳይንስ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶችን ሲያቋቁሙ፥ ልዩነቱን ያስጠበቁት በመምህሩ አመራረጥ ነው። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ፕሮፌሰር ለመሆን ከትምህርቱ ማዕረግ ሌላ ቢያንስ አምስት ዓመት በሙያው የሠራ፥ ከእነዚህም ሦስቱን ከከፍተኛ ትምህርት ቤት ውጭ፥ ማለት በፋብሪካ ወይም በድርጅት የሠራ ሰው መሆን አለበት። መምህሩ ከፋብሪካ የመጣ ከሆነ ተማሪውን ወደ ፋብሪካ ለመላክ መንገዱን ያውቃል፤ የተቋሙም ጠባይ ስሙ ቢለወጥ እንኳ አይለወጥም። ከሦስቱ አገሮች ልማድ ውስጥ ለኢትዮጵያ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው ይህ የጀርመኖቹ ይመስላል፤ ምክንያቱም ዐዋጅ በዐዋጅ ይሻራል፥ የሰው አመራረጥ ግን ሥር ይሰድዳል።

አሁን ወደ 2013ቱ ውሳኔ መመለስ ያስፈልጋል። በዚህ መሠረት ስምንት ዩኒቨርሲቲዎች፥ እነርሱም አዲስ አበባ፥ ጅማ፥ ጎንደር፥ ሐዋሳ፥ ባሕር ዳር፥ ሐረማያ፥ መቀሌና አርባ ምንጭ፥ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ተባሉ። 15ቱ የተግባር ሳይንስ ዩኒቨርሲቲዎች ሆኑ፤ የቀሩት ደግሞ አጠቃላይ ትምህርት የሚሰጡ ተብለው ተመደቡ። አዲስ አበባና አዳማ የሚገኙት ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች አስቀድመው የተለዩ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ኮተቤ የመምህራንን ትምህርት በተለይ እንዲይዝ ተደርጓል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2015 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ራሱን የሚያስተዳድርበት ሥልጣን ተሰጥቶታል።

የምርምር ዩኒቨርሲቲ ማለት ከመጀመሪያ ዲግሪ ይልቅ ወደ ማስተርስና ወደ ዶክተርነት የሚያደላ፥ መምህሩም በሚያሳትመው ጥናት የሚመዘን ተቋም ነው። የተግባር ሳይንሱ ግን በአካባቢው ካለው ኢንዱስትሪና እርሻ ጋር የተሳሰረ፥ ተማሪው ብዙውን ጊዜ በሥራ ቦታ የሚማርበት፥ ምርምሩም ዛሬ ላለ ችግር መፍትሔ የሚፈልግ እንዲሆን የታሰበ ነው። አጠቃላዩ ደግሞ በስፋት እያስተማረ ለየአካባቢው መምህር፥ የጤና ባለሙያና የአስተዳደር ሠራተኛ ያወጣል። በወረቀት ሲታይ መልካም ክፍፍል ነው።

ዳሩ ግን አሠሪውም ወላጁም ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የተግባር ሳይንስ የተባለው ተቋም መምህር የደረጃ ዕድገት የሚያገኘው አሁንም ባሳተመው ጽሑፍ ብዛት ከሆነ፥ ፋብሪካ ሄዶ የተበላሸ ማሽን ለምን ይጠግናል? በጀቱ የሚሰፈረው በተማሪ ቁጥር ከሆነ የምርምር ዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪውን ለመቀነስ እንዴት ይደፍራል? በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ከዚህ ጋር የሚታይ ነው። ፈተናው ለአንድ ትምህርት በሁሉም ተቋም አንድ ነው፤ የምስክር ወረቀት እንደ ልብ በሚታደልበት ጊዜ አሠሪውን ከብዙ ጥርጣሬ ያወጣዋልና ጥቅሙ አይካድም። ነገር ግን የተግባር ትምህርት ቤቱም የምርምር ትምህርት ቤቱም ተማሪ በአንድ ወረቀት፥ በአንድ ዓይነት ጥያቄ የሚመዘን ሲሆን፥ ሁለቱም መምህራን ለዚያው ጥያቄ ማስተማራቸው አይቀርም። አንድ ሚዛን አንድ ዓይነት ዕቃ ያስለምዳል። የእጅ ሥራ በጽሑፍ አይፈተንም፤ ስለዚህ ለተግባር ተቋማት ፈተናው በከፊል በሥራ ቦታ፥ በማሽኑ አጠገብ እንዲሆን ማድረግ ተገቢ ነው።

በዚሁ በመጀመሪያው ዓመት ፈተና ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተፈታኞች ከመቶ 62 ያህሉ ሲያልፉ፥ ከግል ተቋማት ያለፉት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ይህን የሚያይ ሰው የግሉን ትምህርት ቤት ሁሉ በአንድ ቃል ሊኰንን ይችላል። ፍርዱ ግን ትክክል አይሆንም። ወደ መንግሥት ተቋም የሚገባው በመግቢያ ፈተና ተሽሎ የተገኘው ሲሆን፥ ወደ ግሉ የሚሄዱት ከቀሩት መካከል ብዙዎቹ፥ ከእነርሱም ውስጥ ቀን ሠርተው ማታ የሚማሩት ይገኙበታል። የግሉ ተቋም ትክክለኛው ነቀፌታ ሌላ ነው፤ እርሱም ዓይነቱ አንድ መሆኑ ነው። ሒሳብ አያያዝ፥ ማኔጅመንትና ኮምፒዩተር በየፎቁ ይሰጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለእነዚህ ትምህርቶች ክፍል፥ ሰሌዳና መምህር ካለ ይበቃል። የብየዳ አዳራሽ፥ የጨርቃ ጨርቅ ማሽን ወይም የእርሻ መሬት የሚጠይቀውን ትምህርት የሚከፍት ባለ ገንዘብ ግን ትርፉን ለብዙ ዓመት መጠበቅ ይኖርበታል። ነጋዴ ይህን ስሌት ስለሚያውቀው ሊፈርድበት አይችልም፤ መንግሥት ግን የቀረጥና የመሬት እርዳታውን የሚሰጠው በተማሪ ቁጥር ሳይሆን በትምህርቱ ዓይነት ቢሆን፥ ገንዘቡ ወዳልተነካው መስክ ይሄድ ነበር።

ሌላው የተዘነጋ ወገን የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ነው። ተግባረ እድ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያወጣቸው ሰዎች የአገሪቱን ጋራዦችና የኤሌክትሪክ ሥራ አቁመዋል። ዛሬ ይህ ወገን በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ሲሆን፥ ዩኒቨርሲቲዎቹ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ናቸው። ሁለት ቤት መሆኑ በራሱ ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን በመካከላቸው ያለው በር ጠባብ ነው። ደረጃ 4 የጨረሰ ጎበዝ ቴክኒሺያን ወደ ተግባር ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የተማረው ሳይቈጠርለት ከመጀመሪያው ዓመት እንዲጀምር የሚገደድ ከሆነ፥ ወላጅ ልጁን ወደ ሙያ ትምህርት ቤት ለመላክ ማመንታቱ አያስደንቅም። በካሊፎርኒያው ሥርዐት የታየው መሰላል እዚህ ገና በደንብ አልቆመም።

ጉዳዩን የሚያቻኩል ሌላ ነገር ደግሞ መጥቷል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900,000 የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ፤ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ በነበሩት ዓመታትም ቁጥሩ ከመቶ 10 አልሞላም። ብዙ ተማሪ ለመቀበል የተሠሩት ዩኒቨርሲቲዎች መኝታ ክፍሎቻቸው ሲጎድሉ፥ በከተማው ያለው አከራይና ባለ ሱቅም ወዲያው ተሰማው። ለሁሉም የሚበቃ ተማሪ በሌለበት ጊዜ፥ ሁሉን ነገር አስተምራለሁ የሚለው ተቋም እያንዳንዱን የትምህርት ክፍል በአሥርና በሃያ ተማሪ ይዞ መቀመጥ አይችልም። በዚህ ጊዜ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው የግድ ይሆናል። ስለዚህ የ2013ቱ ዐሳብ በውሳኔ ያላገኘውን ኃይል ከእጥረት ሊያገኝ ይችላል፤ የሚተወውና የሚያዘው ግን በጥናት እንጂ በዕድል እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ የንግዱ ማኅበረሰብ ድርሻ ከመመልከት ያለፈ ነው። የምሕንድስና ተማሪዎች ለአንድ መንፈቅ ዓመት በሥራ ቦታ እንዲለማመዱ ይላካሉ። ብዙ ድርጅት ተማሪውን ተቀብሎ ፎቶ ኮፒ ያስነሣዋል ወይም ዝም ብሎ ያስቀምጠዋል፤ በመጨረሻው ቀንም ወረቀቱን ፈርሞ ይሸኘዋል። ይህ ለድርጅቱም ኪሳራ ነው፤ ምክንያቱም በአራት ወር ውስጥ በማሽኑ አጠገብ የታየ ወጣት በሁለት ሰዓት ቃለ መጠይቅ ከታየው ይልቅ ይታወቃል። የተግባር ሳይንስ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ በስሙ ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ የሚፈልግ አሠሪ፥ ለልምምድ ተማሪ ሲላክለት ጥቂት ነገሮችን አስቀድሞ ሊጠይቅ ይችላል፤ ተማሪውን በየጊዜው መጥቶ የሚጎበኝ መምህር ስሙ ማን ነው? ተማሪው በየቀኑ የሠራውን የሚጽፍበት መዝገብ አለውን? ድርጅቱ የሚሰጠው ነጥብ በተማሪው ውጤት ውስጥ ይቈጠራልን? መምህሩ ራሱስ በፋብሪካ ሠርቶ ያውቃልን? መልሱ ባዶ ከሆነ ደብዳቤው ተመልሶ ለዩኒቨርሲቲው ይጻፍ።

ከዚህም ሌላ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ዝርዝራቸውን ሲያሻሽሉ የአሠሪ ወኪሎችን ወደ ስብሰባ ይጠራሉ። ወደ እነዚህ ስብሰባዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚላከው ጊዜ ያለው ሠራተኛ እንጂ ሥራውን የሚያውቀው አይደለም። የቡና ላኪው ቀማሹን፥ የፋብሪካው ባለቤት የጥገና ሹሙን፥ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ የብድር መርማሪውን ቢልኩ፥ በዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው ነገር ሌላ ይሆናል። በየከተማው ያሉ የንግድ ምክር ቤቶችም በአካባቢያቸው ለሚገኘው ዩኒቨርሲቲ፥ ከአባሎቻቸው መካከል ምን ዓይነት ሠራተኛ በየዓመቱ ስንት እንደሚፈለግ ቈጥረው በጽሑፍ ሊያቀርቡለት ይችላሉ። እስካሁን ይህን ቁጥር የያዘ ክፍል በብዙ ከተማ የለም፤ ቁጥሩ እስካልቀረበ ድረስም ዩኒቨርሲቲው ለጨርቃ ጨርቅ ይሁን ለቆዳ፥ ለአበባ ይሁን ለሰሊጥ ሰው ማዘጋጀት እንዳለበት የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም።